ሯጭ ሆኖ ስለ መወለድ

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ የሀገራችን አትሌት ባሸነፈ ቁጥር «ይህማ ከደሙ ነው» ሲባል፣ በማግስቱም ሰውነቷ የከበዳትን ጎረቤት አይቶ «ምን ታድርግ፣ የእናቷ ወገን እንዲሁ ነው» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። አንዱ ምስጋና፣ ሌላው ሐዘኔታ ቢመስልም የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው በማኅፀን ሳለ የተቀበለውን ዕጣ ከዚያ በኋላ የሚለውጠው ነገር የለም የሚል እምነት ነው። ይህ እምነት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ልጅ ሲያሳድጉበት የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ የመረመሩት ሊቃውንት ካገኙት ጥቂቱን ለአንባቢ ማቅረብ ወደድሁ።

በሰው ዘንድ ውርስና አስተዳደግ ውሃ እንደ ገባበት ወተት ተቀላቅለው ስለሚገኙ አንዱን ከሌላው መለየት እጅግ ያስቸግራል። ከአርሲ በቆጂ የወጡት እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ ሦስቱም በኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኙ እኅትማማች ናቸው፣ ደራርቱ ቱሉም የሥጋ ዘመዳቸው ናት፤ ስለዚህ ለውርስ የሚመሰክሩ ይመስላሉ። ነገር ግን እነዚሁ እኅትማማች በአንድ ጣራ ሥር ያደጉ፣ አንድ የደጋ አየር የተነፈሱ፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ታዳጊዎችን እየለየ ባሠለጠነባት በዚያች ትንሽ ከተማ የዘመዳቸውን ክብር እያዩ የጎለመሱ በመሆናቸው፣ ምስክርነቱ ለአስተዳደግም ያደላል። ሊቃውንቱ ወደ አይጥ ዘወር ያሉት ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ነው፤ ቢያንስ ለ20 ትውልድ ወንድምና እኅት እየተዳቀሉ የተባዙ የቤተ ሙከራ አይጦች በውርሳቸው አንዱ ከሌላው የማይለይ እስኪመስል ድረስ ስለሚመሳሰሉ፣ በመካከላቸው ልዩነት ሲታይ ከወዴት እንደ መጣ መርምሮ ማወቅ ይቻላል።

ውርስ ብርቱ መሆኑን አይጦቹ ሳያሻሙ መስክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ በባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ፣ ያለ መጠን የሚበሉና ክብደታቸው ከእኩዮቻቸው እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ አይጦች ተገኙ፤ ምክንያቱም የአንዲት ጂን መበላሸት ነበር። ያችም ጂን ሌፕቲን የተባለውንና ስብ ስንቅ መያዙን ለአንጎል የሚያስታውቀውን ሆርሞን የምታሠራ መሆኗ የተገለጠው በ1994 በጄፍሪ ፍሪድማንና በባልደረቦቹ ምርምር ነው፤ ጥቂት ዓመታትም ሳይቆይ ይህ ሆርሞን በተፈጥሮ የጎደላቸው፣ ረኃባቸው የማይበርድ ሕፃናት በሰው ልጅ መካከልም ተገኙ። እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኝ ቢሆንም፣ የወፈረውን ሁሉ ሆዳም ብሎ መዝለፍ ግፍ መሆኑን ለማስረዳት ይበቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ቴዎዶር ጋርላንድ የተባሉት ሊቅ በ1993 የጀመሩት ሥራ ነው። አይጦች በየጎጇቸው በተቀመጠላቸው መሽከርከሪያ ላይ ማንም ሳይገርፋቸውና ሳይደልላቸው በፈቃዳቸው ሲሮጡ፣ እኒህ ሊቅ አብዝተው የሚሮጡትን እየመረጡ በማዳቀላቸው፣ ከበርካታ ትውልድ በኋላ የተመረጡት ካልተመረጡት ሦስት እጥፍ ያህል የሚሮጡ፣ በአካላቸውም አነስ ያሉና ስባቸው የቀነሰ ሆኑ። የተለወጠውም ጡንቻቸው ብቻ አልነበረም፤ በአንጎላቸው ውስጥ ደስታንና ተነሣሽነትን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ጭምር እንጂ። የመሮጥ ችሎታ ብቻ ሳይሆን የመሮጥ ፍቅርም ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የቤተ ሙከራ አይጦች ሌላም ምስክርነት ሰጥተዋል። በ1999 ጆን ክራብና ባልደረቦቹ በኦልባኒ፣ በፖርትላንድና በኤድመንተን ከተሞች አንድ ዓይነት ዘር ያላቸውን አይጦች በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓት፣ ሊመሳሰል የሚችለውን ሁሉ አመሳስለው እንቅስቃሴያቸውንና ጠባያቸውን ፈተኑ፤ ከውጤቱም ከፊሉ ከከተማ ከተማ ተለያየ። በ2009 ደግሞ በስቶክሆልም ስብን አቃጥላ ሙቀት የምትሰጠውን ጂን የተነፈጉ አይጦች ተጠኑ፤ እነዚህ አይጦች በተለመደው የቤተ ሙከራ ቅዝቃዜ ሲኖሩ ሳይወፍሩ፣ 30 ዲግሪ ያህል በሚሞቅ ቤት ሲኖሩ ወፈሩ። ሐምሌ ሲገባ ካምሲን የተባለው ትኩስ ነፋስ እየነፈሰበት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ የምኖር እንደ መሆኔ ይህን ነገር ደጋግሜ አሰብሁት። ሰው አይጥ ስላልሆነ ሙቀት ያወፍረናል አልልም፤ የምለው በአንድ ቤት ዝም ያለ ውርስ በሌላ ቤት ሊናገር እንደሚችል ነው።

ስለ እኛም ሯጮች ያኒስ ፒትሲላዲስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ በእናት በኩል የሚወረሰው ዘረመል በታላላቆቹ ሯጮችና በሌላው ሕዝብ ዘንድ የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ የማራቶን ሯጮቹ ግን በአብዛኛው ከአርሲና ከሸዋ ደጋ የወጡ፣ በልጅነታቸውም ከሌላው ይልቅ ሩቅ መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት የተመላለሱ ሆነው ተገኙ። ማንም ሕዝብ እንደ ቤተ ሙከራ አይጥ ለ20 ትውልድ ከወንድምና ከእኅት የተወለደ አይደለም፤ ስለዚህ የአይጥን ሕግ ወስዶ ይህ ወገን ለሩጫ ያ ወገን ለሸክም ተፈጠረ ማለት ሳይንስም ጽድቅም አይደለም። የምንኖርባት ጅቡቲም ለዚህ ምስክር አላት፤ አህመድ ሳላህ በ1988 በሴኡል በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል፣ በዚህች በባሕር ጠረፍ ከተማ የተወለደው አያንለህ ሱሌይማንም በ2014 በሶፖት በቤት ውስጥ ውድድር የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

እንግዲህ ጋርላንድ ለእያንዳንዷ አይጥ መሽከርከሪያ ባያቀርቡላት ኖሮ የትኛዋ ሯጭ እንደ ሆነች በምን ይታወቅ ነበር? ቤቶቹ በተጠጋጉበት፣ መንገዱ በጠበበበት በዚህ ሰፈር፣ ከቀትር በኋላ ከሀገራችን የመጣው ጫት ሲደርስ ወንዱ እስኪመሽ ተቀምጦ በሚውልበት፣ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ጓዳ በምትገባበት ኑሮ፣ ሳይሮጥ ያደገውን ልጅ «አልተፈጠረለትም» ማለት አግባብ አይደለም። የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎችም ሆኑ የትምህርት ቤት መምህራን ፀሐይ ስትበርድ ልጆች የሚሮጡበትን ሜዳ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያስፈቅዱ፣ ወላጆችም ወንዱን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱንም እንዲልኩ፣ ሰውነቱ የከበደውንም ልጅ ማንም ሳይስቅበት በራሱ እርምጃ እንዲሮጥ እንዲያደርጉ አጥብቄ እለምናለሁ።