የገና ዱላ አመታት ማን ያስተምር?

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የአሜሪካ ሕፃናት የቤዝቦል ልምምድ እየደጋገመ ይመጣብኛል። አሰልጣኙ ቪዲዮውን ያዘገምና ለልጁ ያሳየዋል፦ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ወገብ፣ እጅ መጨረሻ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በትልቁ ሊግ ኳሷ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ስትወረወር መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይፈጅባትም። ያኔ ማሰቢያ ጊዜ የለም፤ ሰውነት ቀድሞ መልመድ አለበት።

እኛስ? ዱላና ኳስ እኮ ለኛ አዲስ አይደለም። ገና አለን፣ ሩር አለን፣ ጃን ሜዳም ከስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የሌለን «እንዲህ ምታ» የሚል ሰው ነው።

ልጅ ሆኜ እኔንም ማንም አላስተማረኝም። ዱላ ሰጡኝ፣ ገባሁ፣ ቅልጥሜን ተመታሁ። ጠባሳው ዛሬም አለ። የመታኝ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እሱም ያስተማረው አልነበረም። ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ እንደ እንጨት ፈላጭ ነው የሰነዘረው።

ሩር አብዛኛውን ጊዜ መሬት ለመሬት ነው የምትሄደው። ስለዚህ ጉልበት በርከክ ይላል፣ ዓይን ከሩሯ አይነቀልም፣ የዱላው ቆልማማ ጫፍ መሬቱን ታክኮ ይጠርጋል። ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከወገብ ነው። ዱላ ከወገብ በላይ ካልተነሳ ደግሞ የጓደኛ ጥርስም ይተርፋል። ይሄ ለጀማሪ የአንድ ጠዋት ትምህርት ነው።

«ባህል ይወረሳል እንጂ አይሰለጥንም» የሚሉኝ አሉ። የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ታላላቆቹን እያየ ይለምዳል፤ ለሱ ያ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። የፒያሳ ልጅ ግን ሜዳውም ታላላቆቹም የሉትም። ጃን ሜዳ ራሱ በ2012 ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራ የተዛወረበት ቦታ ነበር። በዓመት አንዴ፣ ታኅሣሥ 29 ለካሜራ የሚወጣ ጨዋታ ደግሞ ከትርኢት አያልፍም።

የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን በየዓመቱ ያወዳድራል፤ ጥሩ ነው። ግን ውድድር የሚያውቁትን ያገናኛል እንጂ የማያውቀውን አያስተምርም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ከኅዳር እስከ ገና፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ቀለል ያለ ዱላ፣ በጨርቅ የተሠራ ኳስ፣ አንድ ነባር ተጫዋች።

እናንተም ስልኩን ይዛችሁ ኑ። አባቶች ሲመቱ በዝግታ ቅረጹ፣ እግራቸውንና ወገባቸውን እዩ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀርጻችሁ አስተያዩት። ለአሜሪካው ሕፃን የሚሠራ ስልክ ለስድስት ኪሎ ልጅም ይሠራል። አባቶች ካለፉ በኋላ ግን የሚቀረጽ አይኖርም።