ቃለ መጠይቅ ኑዛዜ አይደለም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው በበቅሎዪቱ ለመሳቅ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው፥ ሊሳቅባት የሚገባ እርሷ ብቻ ናትን? ወይስ ጠያቂውም ጥቂት ሊጠየቅ ይገባዋል? እያልሁ ቆየሁ። በቅሎ የምትፈለገው ለጭነትና ለመንገድ ነው። ገዢው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን፥ እግሯን አይቶ ብርታቷን ከመረመረ ዘንድ የአባቷ ነገር ለመንገዱ ምን ይረባዋል?

ውድ አንባብያን ሆይ! የዛሬው አሳቤ ስለ በቅሎ ሳይሆን ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብተን እኩሌቶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ እኩሌቶቻችን ወደ ሙያ ማሠልጠኛ፥ የቀሩትም በቀጥታ ወደ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ይዋል ይደር እንጂ ሁላችንም ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን መጠየቃችን አይቀርም። ለአገር አቀፉ ፈተና ዓመታት ሙሉ ስንዘጋጅ ኖረናል፤ ለዚህኛው ፈተና ግን አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልተሰጠንም። ስለዚህ በቤታችን የደረሰውን ላጫውታችሁ።

ታላቅ እኅቴ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከተመረቀች በኋላ በየማስታወቂያ ሰሌዳውና በየቴሌግራሙ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት፥ ደመወዝ በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ስትፈልግ ብዙ ወራት ቆየች። በመጨረሻ ስሙን ለመጥቀስ የማልፈልገው አንድ የግል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራት። እናታችን ሌሊት ተነሥታ ልብሷን ተኮሰችላት፤ መርቃም ሸኘቻት።

እኅቴ ማታ ስትመለስ እራት ቀርቦ ሳትበላ ቀረች። እኔ ጠጋ ብዬ ብጠይቃት የሆነውን ነገረችኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያ «ስለ ራስሽ ንገሪን» አሏት። እኛ በታላላቆች ፊት የተጠየቅነውን ሁሉ እንድንመልስ ተደርገን ያደግን ልጆች ነንና፥ እርሷ ስለ ቤታችን የተጠየቀች መሰላት። አባታችን እንዳረፈ፥ እናታችን እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ እንዳሳደገችን፥ የቤት ኪራይ እንደ ከበደን፥ ሁለት ታናናሾች እንዳሏት ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንዲህ እያለ ቀጠለ።

«እጮኛ አለሽ?»

«አዎን፥ አለኝ።»

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«እንግዲያውስ ሥራ በጀመርሽ በዓመቱ የወሊድ ፈቃድ ልትጠይቂን ነዋ!» ብለው ሦስቱም ሳቁ። ቀጥለውም አባታችን የየት አገር ሰው እንደ ነበረ፥ ምን ቋንቋ ይናገር እንደ ነበረ ጠየቋት። ስለ ሒሳብ አያያዝ የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

ሥራውን አላገኘችም። በዚያ ምክንያት ነው ብዬ ልምል አልችልም፤ ከእርሷ የበለጠ ሰው ተገኝቶ ይሆናል። እኔን ያሳዘነኝ ግን አራት ዓመት የለፋችበት ዕውቀት ሳይመረመር፥ የወደፊት ልጇና የሞተው አባቷ ተመርምረው መመለሷ ነው።

በማግሥቱ በቤታችን ክርክር ተነሣ። አጎታችን «ሁለተኛ ስትጠሪ ቀለበትሽን አውልቀሽ ሂጂ፤ እጮኛ የለኝም በይ፤ እንጀራ ከተገኘ በኋላ የሚሆነው ይሆናል» አሉ። ሕግ የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ሕገ ወጥ ነው ብለሽ አንቀጹን ጥቀሽላቸው» አለ። እናታችን ደግሞ «ልጄ፥ እውነቱን ተናግረሽ ቢቀርብሽ ይቅርብሽ» አለች። እነዚህን ሦስት ምክሮች ተራ በተራ ብንመረምራቸው መልካም ይመስለኛል።

አጎታችን ይህን ያሉት ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የሥራ አጥነትን መራራነት ስለሚያውቁ ነው። ነገር ግን ሠርግ በጓዳ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ዛሬ «የለኝም» ያለች ልጅ ከፋሲካ በኋላ ምን ልትል ነው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዚህም በላይ የሒሳብ ሠራተኛ ሀብቷ መታመን ነው። ለገንዘብ ሥራ ዋስ ጥሪ የሚባለውም ስለዚሁ ነው። በመጀመሪያው ቀን በሐሰት የገባች ሠራተኛ በየቀኑ «ዛሬ ይታወቅብኝ ይሆን?» እያለች በፍርሃት ትኖራለች። እንዲህ ያለው ኑሮ ከደመወዙ ይበልጥ ይከብዳል።

የሕግ ተማሪው የተናገረው በመሠረቱ ትክክል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር፥ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላት የወሊድ ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ በብሔር፥ በፆታ፥ በሃይማኖት፥ በፖለቲካ አመለካከት፥ በአካል ጉዳትና በመሳሰለው ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሴቶችም በቅጥርና በክፍያ በፆታቸው ምክንያት እንዳይለዩ ይላል። ይህም ትናንት የመጣ አሳብ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣውን በሥራና በሙያ ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክለውን ቁጥር 111 ስምምነት አገራችን በ1966 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች።

ሕጉ እንዲህ ሲሆን ለምን አንቀጽ ጠቅሰን አንሟገትም? ሕጉን ማወቅ ግዴታችን ነው። ዳሩ ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ሥራ ፈላጊ አንቀጽ ብትጠራ መብቷ ሲከበር ከማየቷ በፊት ስሟ ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ልታይ ትችላለች። ጠያቂውም «የተውናት ስላረገዘች አይደለም፤ ልምድ ስለሌላት ነው» ቢል ልቡን ከፍቶ የሚያይ ዳኛ የለም። ዱቄት ያለቀበት ቤት ለሙግት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ሕጉ ከኋላችን እንደ ግድግዳ ይቁም፤ የመጀመሪያው ቃላችን ግን ክስ ባይሆን ይሻላል።

የእናታችን ምክር ከሁሉ ይልቅ ልቤን ነካው። ሆኖም በእርሱ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አለመዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉን መናገር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ግዴታችን ነው፤ ሁለተኛው ግን ለማንም ያልገባነው ዕዳ ነው። ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ፥ ሕመሙን ለሐኪሙ፥ ችግሩን ለዘመዱ ይነግራል። ለአሠሪ የሚነገረው ለሥራው የሚያስፈልገው ነው። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ በክብር ተቀብለን የምናስቀምጠው እልፍኝ ነው። ጓዳችንን አላሳየነውም ብሎ ዋሾ የሚለን እንግዳ አለን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፥ ከመናገራችን በፊት ነገሩ የእልፍኝ ነው ወይስ የጓዳ ብለን መለየት ይገባናል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ከማይገባ ጥያቄ በስተኋላ ብዙ ጊዜ አንድ የሥራ ስጋት ተደብቆ ይገኛል። መላሹ ያን ስጋት ፈልጎ እርሱን ይመልስ። «መቼ ልትወልጂ ነው?» የሚል ሰው የሚሰጋው ሥራው ባለቤት እንዳያጣ ነው። ስለዚህ «ሥራው በወቅቱ እንዲደርስ የምታስቡ ከሆነ፥ በተለማመድሁበት መሥሪያ ቤት የወር መጨረሻ ሒሳብ አምሽቼ ዘግቻለሁ፤ እዚህም በሰዓቴ እገኛለሁ» ብትለው ሐሰት አልተናገረችም፤ ጓዳዋንም አልከፈተችም። «የየት አገር ሰው ነህ?» ለሚል ደግሞ «የምኖረው በዚህ ከተማ ነው፤ ከማንም ጋር ተስማምቼ እሠራለሁ» ማለት ይበቃል።

ሌሎችም አስቸጋሪ ጥያቄዎች አሉ። «ስለ ራስህ ንገረን» ማለት «የተማርኸውን፥ የሠራኸውንና ይህን ሥራ የፈለግህበትን ምክንያት ንገረን» ማለት ነው እንጂ የቤተ ሰብ ታሪክ ጠየቃ አይደለም። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ሲባል «ሥራ ማብዛቴ ነው» የሚል መልስ ጠያቂውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። አንድ እውነተኛ ድክመትን ከነመድኃኒቱ መናገር ይሻላል። እኔ ለምሳሌ በሰው ፊት ስናገር እቸኩላለሁ፤ ስለዚህ ነጥቦቼን አስቀድሜ በወረቀት እጽፋለሁ። «የቀድሞውን ሥራ ለምን ለቀቅህ?» ሲባልም አለቃን ማማት አይገባም። የትናንቱን ቤት ጓዳ የሚያወራ ሰው የእኛንም ነገ ማውራቱ አይቀርም ብለው ይፈሩታልና። ደመወዝ «በስምምነት» ከተባለ ደግሞ የዚያ ሥራ ክፍያ በሌላ ቦታ ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ እንጂ «የሰጣችሁኝን» ማለት ራስን ማርከስ ነው።

እዚህ ላይ የአስተዳደጋችንም ነገር አለበት። ራስን ማመስገን ነውር ነው፥ በታላቅ ፊት አንገትን መድፋት ጨዋነት ነው እየተባልን አድገናል። ጠያቂው ግን አንገት የደፋውን ልጅ «ምንም አያውቅም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ጨዋነታችንን እንጣለው አልልም። ነገር ግን ሠርቶ ያሳየውን «ሠርቻለሁ» ማለት ትዕቢት አይደለም፤ ምስክርነት ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ «ታዲያ ሁሉን መደበቅ ይቻላል ማለትሽ ነውን?» ቢለኝ፥ አይደለም እለዋለሁ። ሥራውን የሚነካ ነገር የጓዳ ምስጢር አይባልም። ሌሊት አጥርቶ የማያይ ሰው የሌሊት ሹፌር ልሁን ሲል ዓይኑን ቢደብቅ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ያልተማረውን ተምሬያለሁ፥ ያልሠራውን ሠርቻለሁ የሚልም አታላይ ነው። የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ወይም ማመቻቸት ካለ ሳያፍር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የወጣው ለዚሁ ነውና። ሕጉ በቂ ምክንያት ሲኖር ሠራተኛ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን ግን ለይቶ አስቀርቶታል። ከዚህም የምንረዳው ሕጉ ራሱ እልፍኝንና ጓዳን የለየ መሆኑን ነው።

አሁን ደግሞ ቃሌን ወደ ወላጆቻችን እመልሳለሁ። ይህን መጽሔት ከምታነቡት መካከል በጠያቂው ወንበር የምትቀመጡ አላችሁ። አንድ አሠሪ «ሁለት ሠራተኛ ብቻ አለኝ፤ አንዷ ከመውለዷ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ስትቀር ደመወዟን እየከፈልሁ ሥራውን ማን ይሠራልኛል?» ቢል ስጋቱ ሐሰት አይደለም። ለትንሽ ድርጅት ይህ እውነተኛ ሸክም ነው። ነገር ግን ልጅ መውለድ የአገር ሁሉ ጥቅም ሆኖ ሳለ፥ ሸክሙን በሙሉ ሥራ በምትፈልግ አንዲት ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ፍርድ ነውን? የሚጠይቀው ሰውስ ከእናት የተወለደ አይደለምን? ሕጉ ለአሠሪው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። በዚህ ጊዜ ትጋቷን በዓይኑ ማየት ሲችል ማጀቷን በጥያቄ መበርበር ለምን ያስፈልገዋል? ለወንዱ የማትጠይቁትን ለሴቷ አትጠይቁ፤ ለራሳችሁ ልጅ ሲጠየቅ የሚያሳፍራችሁን ለሰው ልጅ አትጠይቁ። መለኪያው ይኸው ነው።

መምህራኖቻችንንም የምለምነው አለኝ። ከፈተና በፊት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ተወስዶ፥ እኩሌቶቻችን ጠያቂ፥ እኩሌቶቻችን ተጠያቂ ሆነን ብንለማመድ ወጪ የሌለው ትልቅ ትምህርት ይሆንልናል። መጠየቅን የተማረ ልጅ ነገ አለቃ ሲሆን ሰውን ከማዋረድ ይድናል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እኅቴ ለሁለተኛ ጊዜ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተጠራች። ቀለበቷን ሳታወልቅ ሄደች። እንደ ፈራነው ስለ ሠርጓ ተጠየቀች። እርሷም ቀና ብላ፥ «ለሥራው የሚያሰጋችሁ ነገር ካለ እርሱን ልመልስ፤ በወር መጨረሻ ማምሸት ካስፈለገ አመሻለሁ፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅም ለምጃለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው ጠያቂ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ወረቀታቸውን ገልጠው «እንግዲህ ስለ ማስታረቁ ንገሪን» አሏት።

መልሱ ገና አልመጣም። ቢመጣም ባይመጣም እኔ ከእኅቴ የተማርሁትን ለእናንተ ለጓደኞቼ አካፍያለሁ። ያን ቀን ማታ እኅቴ እራቷን በልታ ተኛች።