ከዝርዝሩ ሥር የተጻፈችው ጥያቄ



ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ በስተቀኝ በኩል አንድ ዝርዝር ተለጥፎ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ርእሱ «የለንደን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት ያፈራቸው ታላላቅ ሰዎች» የሚል ነበር። ያዘጋጀው ጓደኛችን ደክሞበታል፤ የእጅ ጽሑፉም ያማረ ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ፕሬዚዳንቶች፣ ሚኒስትሮች፣ የኖቤል ተሸላሚዎች ተራ በተራ ተደርድረዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከዝርዝሩ ግርጌ በእርሳስ «ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴስ ማን አለ?» የሚል መስመር ተጽፎ ተገኘ። ማን እንደ ጻፈው አልታወቀም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከሥሩ ሌላ እጅ «ማንም!» ብሎ መለሰለት። እዚያ ቆሞ ያልሳቀ የለም።

ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ከእነዚሁ ወረዳዎች የመጣን እጩ መምህራን ነን። እውነቱን ለመናገር እኛም ስቀናል። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ስንል ግን ያቺ «ማንም» የምትል ቃል ከነከነችን። ከመካከላችን ስንቱ ነው ምደባ በተነሣ ቁጥር «ወገዳ ገጠር ደግሞ ማን ሊሄድ!» የሚለው? ደሴ ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ያለው ካሁኑ ማስታወስ ጀምሯል። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ የተሳቀው ሳቅና በምደባ ወሬ ላይ የምንስቀው ሳቅ አንድ ናቸው።

በመጀመሪያ ደረጃ «ማንም» የሚለው መልስ ስሕተት ነው። ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ይምጣ፣ ምስክር ለመሆን የሚወጣው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ለማስመስከርም ዙር አባ ጋይንት ውስጥ ነው ያለው። ስንት ዘመን ሙሉ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጎጃም ኰቸሮ በአኮፋዳ ይዞ እዚህ ድረስ የሚመጣ ተማሪ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ለንደን ስሙ ማስረጃ እንደሚሆን ሁሉ ቤተልሔምም ስሙ ማስረጃ ነው። ከዚያ ወጥተው በየደብሩ ወንበር የዘረጉትን ግን ቆጥሮ በሰሌዳ የለጠፈ የለም። ይህን ለመመጻደቅ አላነሣነውም፤ «ማንም» ባዩ የጎደለው የእውቀት ማነስ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ፤ ደግመን እናንብበው።

ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። መሥራቾቹ ሲድኒ ዌብና ባለቤቱ ቢያትሪስ፣ ግሬሃም ዋላስ እንዲሁም ደራሲው በርናርድ ሾው ነበሩ። ዓላማቸው የድህነትን ምክንያት በጥናት ማወቅና መለወጥ ነበር። የኛ ዝርዝር ይህን ትቶ ስሞቹን ብቻ ያዘ። የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ እንኳ አሉበት፤ እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1945 ተመዝግበው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ዲግሪ ሳይወስዱ የተዉት ትምህርት ቤት ነው። ዝርዝር ሲበዛ እንዲህ ነው፤ ያለፈ አግዳሚውንም ይሰበስባል።

ሰር አርተር ሉዊስ ላይ ደርሰን ቆምን። ሴንት ሉሲያ በምትባል ትንሽ የካሪቢያን ደሴት እ.ኤ.አ. በ1915 ተወለዱ። ከለንደን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1937፣ ዶክትሬታቸውን በ1940 አገኙ፤ በ1979 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ሰሌዳው ላይ የነበረው ይኸው ነው። ያልተጻፈውን እኛ እንጨምር፤ እናታቸውም አባታቸውም አስተማሪዎች ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ታመው ከትምህርት ቤት ቀሩ። አባትዬው ልጁ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ ብለው ቤት ውስጥ አስተማሯቸው፤ በሦስት ወር ውስጥ የሁለት ዓመቱን ጨርሰው ሲመለሱ ከ4ኛ ክፍል ወደ 6ኛ ተዛወሩ። አባት ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ይህን ሉዊስ ራሳቸው ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጋና ኢንዱስትሪ እንዴት ትገንባ ተብለው ሲጠየቁም የሰጡት መልስ ከሁሉ በፊት የምግብ እህል አመራረት ይሻሻል የሚል ነበር። ፋብሪካ ለጠየቀ ሰው ስለ ማሳ መናገር ቀላል አይደለም።

ሕንዳዊው ዶክተር አምቤድካርም አሉ። «አይነኬ» ከሚባለው ወገን ተወልደው፣ በልጅነታቸው ክፍል ውስጥ ከሌሎቹ ተነጥለው ከቤት ባመጡት ጆንያ ላይ ይቀመጡ ነበር። ውሃ ሲጠማቸው ማሰሮውን መንካት ስለማይፈቀድላቸው የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከላይ ሆኖ ያፈስላቸዋል። ተላላኪው ከሌለ ውሃም የለም። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1923 በለንደን ዶክተር ሆነ፤ ቆይቶም የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። ለንደን ብዙ አስተምሯቸው ይሆናል፤ ጥያቄውን ግን ይዘው የሄዱት ከዚያ ጆንያ ላይ ነው። ጆሞ ኬንያታም ቢሆኑ በዚያ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለ ገዛ ወገኖቻቸው ስለ ኪኩዩዎች ኑሮ ነበር። ሌላው ኬንያዊ ሙዋይ ኪባኪ የተማሩት የመንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ነው፤ ፕሬዚዳንት በሆኑ ማግሥት፣ በጥር 2003 እ.ኤ.አ.፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያን አነሡ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ወደ ክፍል ጎረፉ። የክፍሉን ጭንቅንቅ የቻለው ግን አስተማሪው ነው፤ የሱ ስም በየትኛውም ዝርዝር የለም።

ከአገራችን ሰው በዝርዝሩ የሰፈሩት አቶ ይልማ ዴሬሳ ናቸው። እዚህ ላይ ቆየት ማለት እንፈልጋለን፤ ነገሩ ወደ ደጃችን ስለሚመጣ ነው።

አቶ ይልማ የወለጋ ሰው ናቸው። በግብፅ እስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በለንደን ትምህርት ቤት ተምረው ከጠላት ወረራ በፊት ተመለሱ። ከነጻነት በኋላ በገንዘብ ሚኒስቴር ሠሩ፤ በአሜሪካ አምባሳደር ሆኑ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነበሩ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ እንደገና የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ሁሉ ሥራ መካከል ስለ ኢትዮጵያ የዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ መጽሐፍ ጻፉ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው መጽሐፍ ሲጽፍ ማየት፣ እንግዲህ፣ ብርቅ ነው።

እሳቸው ሚኒስትር ሳሉ በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሐሳቡ በኢኮኖሚክስ ዓይን ሲታይ ክፉ አልነበረም። ዐሥራት ቀርቶ ገበሬው ባገኘው ገቢ ልክ ይክፈል፤ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይስጥ ነው። ለንደን ቢፈተኑበት ጥሩ ማርክ ያሰጣል። ታዲያ ጎጃም ላይ ምን ሆነ? ገማቾቹ ወደ ቀበሌ እንዳይገቡ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሣ። ሞጣ ማለት ከእስቴ በዓባይ ብቻ የተለየ አገር ነው፤ በጣሊያን ዘመን የተሰበረውን ሰባራ ድልድይን የሚያውቅ ርቀቱን ያውቀዋል። ጦር ሄደ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፤ ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ፤ ያልተከፈለው ውዝፍም ተማረ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ገበሬው ስላልገባው ነው» ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ገበሬው የገባው ነገር ነበር። ርስት በጎጃምም በበጌምድርም በዘር ቆጠራ የሚገኝ፣ ስንትና ስንት ሰው የሚካፈለው ነበር፤ ገቢ ሊገምት የመጣ ሹም ነገ ገመድ ይዞ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ መሬቱ የሌላ ይሆናል ብሎ ሰጋ። ከዚያ በፊትም በየሰበቡ ልዩ ልዩ መዋጮ ተጠይቋል። ላመነው መንግሥት አይደለም እምቢ ያለው። ሚኒስትሩም በበኩላቸው ሞኝ አልነበሩም። የጎደለው፣ በእኛ አስተያየት፣ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው ነው፤ የአዋጁን ቋንቋ የሚያነብ፣ የርስቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ለገበሬው «ይህ ማለት እንዲህ ነው» የሚል፣ ወደ ላይም «ይህ እንዲህ አይሆንም» ብሎ የሚጽፍ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ። ያ ሰው በዚያን ጊዜ በየገጠሩ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱም ጥቂት፣ አስተማሪውም ጥቂት ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ ትምህርት ቤቱ አለ። አስተማሪውም እኛ ነን። ሰውዬው አለ ወይ ብንባል ግን መልሳችን አያኮራም።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ከመካከላችን አንዱ ስማዳ ውስጥ ባለ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ክፍለ ጊዜ ይዞ ነበር። ርእሱ ግብር ነው። ትርጓሜውን ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ልጆቹ ገለበጡ፤ አንድ ላይ ሆነው ጮኸው አነበቡት። ወደ መጨረሻው አካባቢ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አባቴ ዘንድሮ ማሳው በበረዶ ጠፍቶበት እንኳ ግብር ከፈለ፤ ማን ነው ስንት እንደሚከፍል የሚወስነው?» አለችው። ጓደኛችን ዞር ብሎ ሰዓቱን አየ። «ይህ በሌላ ክፍለ ጊዜ ነው» አላት። ሌላ ክፍለ ጊዜ አልነበረውም፤ በሳምንቱ ተመልሷል። ይህን ራሱ ነው የነገረን፤ እንዲጻፍም ፈቅዷል። እሱን ብቻ እንዳንወቅስ፣ እኛም በቦታው ብንሆን መልሱን አናውቀውም ነበር። ጥያቄው ግን ይልማ ዴሬሳን ሞጣ ላይ የገጠማቸው ጥያቄ ነው፤ የ5ኛ ክፍል ልጅ ናት ያነሣችው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። አማርትያ ሴን የሚባሉት የሕንድ ተወላጅ ምሁር የዚያ የለንደን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይሆኑ አስተማሪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1977። በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ እኛው ወሎ የ1965 ዓ.ም. ረኃብ ጻፉ። በአገሪቱ ያለው እህል ያን ያህል ሳይቀንስ ሰው ያለቀው የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው አሉ። ወሎ ከላይ ጋይንት ጋር ይዋሰናል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ነፋስ መውጫ ገበያ በሬ ነድቶ የሚወርድ ልጅ በክፉ ዓመት ከብቱ ሲረክስ እህሉ እንደሚወደድ ያውቃል፤ አባቱ በሬውን ሽጦ ስንት ቁና እንደ ገዛ ነግሮታል። እኛ ክፍል ውስጥ ገብተን የምንጠይቀው ግን የስዊድንን ዋና ከተማ ነው። ልጁ ስቶክሆልም ይበል ግዴለም፤ የበሬውን ነገር ግን ማን ይጠይቀው?

የኛ ተቃውሞ ዝርዝሩ መለጠፉ ላይ አይደለም፤ ይለጠፍ። አምቤድካርን ያላወቀ እጩ መምህር አሁን አወቀ። ቅር ያለን፣ ፈተና ላይ «የኖቤል ተሸላሚው ማን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ሁላችንም መገመታችንና ስሙን ሸምድደን ሥራውን መተዋችን ነው። የኅብረተሰብ መምህሮቻችን ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ እነሱም ዝርዝሩ ፊት ቆመው ያደነቁት ሹመቱን ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ፣ ስማቸውን አንጠራም፣ እርሳሷን መስመር አንብበው «ጥሩ ጥያቄ ናት» ብለው አለፉ። ከሁሉ በላይ ያነቃቃን እሱ ነው።

የምደባውን ነገር በተመለከተ እዚህ የሚቆይም የሚሄድም አለ፤ ሁሉም የየራሱ ችግር አለበት፤ ማንንም አንፈርድም። ቤት የሚከራይበት የሌለ፣ ደመወዝ ለመቀበል ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ እንዳለ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ተወልደንበታል። እዚያ የሚሄደው ሰው ግን ወደ «ማንም» አገር አይሄድም። አንዳንዶቻችን ቅጹ ላይ የመጀመሪያ ምርጫችንን ስማዳ ብለን ሞልተናል፤ ሁላችንም አይደለንም፤ ሦስት ነን።

በዝርዝሩ ምትክ፣ ለጓደኛችን ፈቃድ ነግረን፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። በልምምድ ላይ ተማሪ የጠየቀው፣ እኛ ያልመለስነው ጥያቄ ካለ ይጻፍበት፤ የጠያቂው ልጅ ስም አያስፈልግም፣ ወረዳውና ክፍሉ ይበቃል። እርሳስ በክር ታስሮ አብሮ ተሰቅሏል፤ እባካችሁ አትውሰዱት። የመጀመሪያዋን መስመር እኛው ጽፈናታል፤ የስማዳዋ ልጅ ናት፤ ስለ በረዶውና ስለ ግብሩ። የገጠር መሬት ግብር በወረዳ ደረጃ በማን፣ በምን መለኪያ እንደሚወሰን፣ ማሳው የጠፋበት ገበሬስ ለማን እንደሚያመለክት የሚያውቅ መምህር ካለ ከሥሯ ይጻፍልን። ጓደኛችን በሚመጣው ወር ወደዚያው ትምህርት ቤት ይመለሳል።