አንቲባዮቲክ የመኖ ቅመም አይደለም

ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለእንስሳ የሚሰጥ ሕያው ጠቃሚ ተህዋስ፣ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ የእኛ አርቢ በአንቲባዮቲኩ ይቀጥል የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ማከምንና ማደለብን አንድ አድርገው ቆጥረዋል።

ጡቷ የታመመ ላም አንቲባዮቲክ ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ክርክሩ ጤነኛ ጫጩትን በየቀኑ መድኃኒት ስለማጠጣት ነው። ፈንግል ሲገባ ኦክሲቴትራሳይክሊን በጥብጦ መስጠትም ከዚያ አይሻልም። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ የሚመክተው ክትባት ነው። በዚህ መሀል መድኃኒቱን የተላመዱት ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ፣ ወደ ሰውም ይሻገራሉ። ነገ ልጃችን ሲታመም ምን ልንሰጠው ነው?

ስዊድን ለማፋፊያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክን በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 እ.ኤ.አ. ከለከሉ፤ እርባታቸው አልጠፋም። በ1973 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከአዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ጫጩትን ከሳልሞኔላ እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። የፕሮባዮቲክም ሐሳብ ይኸው ነው፦ ደጉ ተህዋስ አንጀቱን ቀድሞ ከያዘ ለክፉው ቦታ አይተርፍም።

ጸሐፊው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ከብቱ አተላ ስለሚጠጣ ፕሮባዮቲክ አያሻውም ይላሉ። የትኛው አተላ? የጠላው ሕያው እርሾ ሊኖረው ይችላል። የአረቄው ግን እሳት ላይ ፈልቶ የወጣ ነው፤ መኖነቱ ግሩም ሆኖ ሳለ እርሾው ሞቷል።

ንጹሕ ውሃ፣ ክትባትና ደረቅ ጉዝጓዝ በሌለበት ፕሮባዮቲክም ብቻውን ተአምር አይሠራም። የእንስሳት ሐኪም ሳያዝ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር መቀላቀል ግን ዛሬውኑ ይቁም።