ዓይኑ የጠፋ ፊደል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወረታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። መንገደኛ የሚወርድበት፣ ነጋዴ የሚጭንበት ከተማ ነውና ግድግዳው ሁሉ ይናገራል፤ የሩዝ መፈልፈያ፣ የግብርና መድኃኒት ሱቅ፣ የጤና ማስታወቂያ። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጮኹ ነው። ርዕሱ ቦልድ፣ ቀኑ ቦልድ፣ ከማኅተሙ አጠገብ ያለው «ከሠላምታ ጋር» ሳይቀር ቦልድ!

እኛ ደማቅ ፊደል አንጠላም። እንዲያውም ከማንም በላይ ለእኛ ያስፈልጋል ባዮች ነን። ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው፣ ዘንበል ያለ መልክም አለው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አዘንብሎ የመጻፍ ልማድም የለውም። የብራና ጸሐፊዎቻችን መላ ነበራቸው፤ ለቅዱሳን ስምና ለርዕስ ቀይ ቀለም፣ ለቀረው ጥቁር። ቀዩ የሚታየው ጥቂት ስለሆነ ነው። ዛሬ በየቢሮው የቀዩን ቀለም ቦታ የያዘው ደማቁ ፊደል ነው። ታዲያ ያለችንን አንዲት ጡሩምባ በየመስመሩ ከነፋናት ማን ይስማን?

ሁለተኛው ጥፋት ግን ከዚህ ይብሳል። በየሰሌዳው ከምናየው ደማቅ ፊደል ብዙው ሐሰተኛ ነው። እንዴት ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላም ሆነ በነፃ የሚታደለው አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የተነደፉት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ደማቅ ወንድም የላቸውም። ጸሐፊው ግን የቦልዷን ቁልፍ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ? ያንኑ ቀጭኑን ፊደል ዙሪያውን ያሳብጠዋል። ፊደል ሲያብጥ ደግሞ ወደ ውጭ ብቻ አያብጥም፤ ወደ ውስጥም ያብጣል። በውስጡ ያለው ክፍት ቦታ፣ ዓይኑ እንበለው፣ ይደፈናል።

በእኛ ፊደል ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው ምንድን ነው? አንዷ እግሯ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ሌላዋ እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት። ቀለበቷ ስትደፈን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። «ቢ»ና «ቤ»፣ «ሲ»ና «ሴ»ም እንዲሁ።

የፎገራ ሜዳ ጣና ዳር፣ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ያ ውኃ ለሩዙ ተስማምቶታል፤ ለወባ ትንኝም ተስማምቷታል። እንግዲህ «ሌሊት አጎበር ውስጥ ተኙ» የሚል ወረቀት በሐሰተኛ ቦልድ አትሙና ቅጂውን መልሳችሁ ሦስት ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጉት። «ሌሊት» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይዟል፣ ሌንም ሊንም። የትኛው የትኛው ነው?

«ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳዋል» ይሉናል። አዎ፣ የለመደ አንባቢ ይረዳዋል። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥረው፣ በጣታቸው እየተከተሉ የሚያነቡት እናትስ? ዓይናቸው የደከመ አባትስ? ማስታወቂያው የተለጠፈው ለማን ነበር? ለጸሐፊው አለቃ ከሆነ ይነገረንና ዝም እንበል።

«ድህነት ነው፣ ቴክኖሎጂው የለንም» ለሚሉንም መልስ አለን። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለው ቅርጸ ፊደል በነፃ ይወርዳል፤ ከሲባጎ ቀጭኑ እስከ ግንድ ወፍራሙ ታስቦበት የተነደፈ ነው። ዋሽራም የራሱ ደማቅ መልክ አለው። ሰሪፍ ማለት የጭረቱ ጫፍ ላይ ትንሽ እግር ወይም ጠርዝ ያለው ፊደል ነው፤ ለእኛ ባዕድ አይደለም፣ የመቃ ብዕር ልጅ ነው። መቃው ቁመቱን ወፍራም፣ አግድሙን ቀጭን አድርጎ ይጽፋል። በደንብ የተነደፈ ደማቅ ሰሪፍም ቁመቱን ያወፍርና አግድሙን ያሳሳል፣ ፊደሉን ወደ ጎን ሰፋ ያደርገዋል። ቀለበቷ መተንፈሻ ታገኛለች። የጎንደር ዘመን ጸሐፊዎችም «ጉልሕ» በሚባለው አጻጻፋቸው ፊደሉን ሲያገዝፉ ከነቦታው ነበር።

ጸሎተ ዳዊት በግዕዝ ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ያኔ እያንዳንዱ ፊደል በብረት ተቀርጾ ነበር። ከ500 ዓመት በኋላ እኛ አንዲት ፋይል ማውረድ አቃተን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የጤና ጣቢያዎች፣ ማስታወቂያ ጻፊዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች እውነተኛ ደማቅ ያለው ቅርጸ ፊደል ይጫኑ። በአንድ ወረቀት ላይ የሚደምቀው ሰው ሊያመልጠው የማይገባው ብቻ ይሁን፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የመድኃኒቱ መጠን። ከመለጠፉ በፊትም አንድ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ ያንብበው።

የፎገራ ገበሬ ሩዙን አስፈልፍሎ ሲያወጣ ሙሉው ፍሬና ስብርባሪው በአንድ ዋጋ እንደማይሸጥ ያውቃል። ማሽኑ በደንብ ካልተስተካከለ ፍሬው ይሰበራል፣ ኪሳራው የእሱ ነው። እኛ ግን ለዚሁ ገበሬ የተሰበረ ፊደል በሙሉ ዋጋ እየሸጥንለት ነው። ሳያነበው ሲቀር ደግሞ «ማንበብ አይወድም» እንለዋለን።