ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ



ባለፈው ወር አንድ እናት ጎረቤታችን ልጃቸው ለ5 ቀን ከትምህርት መታገዱን የሚገልጽ ወረቀት መጣላቸውና ዝም ብለው ፈረሙ። «የሰው አገር ነው፣ ምን እንላለን!» ነበር ያሉት። ልጁን ግን ምን አጥፍተህ ነው ብሎ የጠየቀው የለም፤ ፈተናም አመለጠው። ነገሩ በስብሰባችን ሲነሳ ብዙዎቻችን ብንሆንም እንደዚያው እናደርግ እንደነበር ተረዳን።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላዴልፊያ ላይ ተረቀቀ። በ1791 የመጀመሪያዎቹ 10 ማሻሻያዎች ተጨመሩ፤ የመናገር፣ የማምለክና የመሰብሰብ መብት እዚያ ውስጥ ነው። ባርነት በ1865 በሕግ ከቀረ በኋላ፣ በ1868 14ኛው ማሻሻያ ጸደቀ። ይኸውም ማንኛውም ክፍለ ግዛት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የማንንም ሰው ሕይወት፣ ነጻነት ወይም ንብረት እንዳይወስድ ይከለክላል። ልብ በሉ፣ «ሰው» ነው የሚለው፣ «ዜጋ» አይደለም። እኛም አለንበት ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ከትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው? በ1971 በኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ተማሪዎች ቃላቸው ሳይሰማ እስከ 10 ቀን ታገዱ። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1975፣ 5 ዳኞች በ4 ላይ በልጠው፣ ለተማሪዎቹ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ሲያግድ ጥፋቱን ሊነግረው ይገባል፤ ተማሪው ከካደም ማስረጃውን አስረድቶ ቃሉን መስማት አለበት። አደጋ የሚያሰጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ አስወጥቶ ቶሎ ብሎ በኋላ ሊሰማው ይችላል።

ያጠፋ ልጅ አይቀጣ ማለታችን አይደለም። መምህርም ይከበር። ግን ይህን ሕገ መንግሥት ለዜግነት ፈተና ስንሸመድድ ከርመን፣ ወረቀቱ ቤታችን ሲመጣ እንረሳዋለን። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እዚህ የሚቀረው የልጅ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ ልጁን በእርጋታ ጠይቁ። ያልገባችሁ ላይ አትፈርሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ከማኅበሩ አንድ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል። ልጆችም በክፍል የተማራችሁትን ታሪክ እራት ላይ ንገሩን፤ እኛም ከእናንተ እንማራለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት