ፍጥነት የእኛ አይደለም ያለው ማነው?

ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ ያየሁት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲያሰኘኝ ሰነበተ። አርባን ያለፈ፣ ተወዳድሮ የማያውቅ የሂሳብ መምህር የቀነኒሳን የመጨረሻ ዙር እሞክራለሁ ብሎ ተማሪዎቹን ሜዳ አወጣቸው። የቤጂንጉን፣ የ2000 ዓ.ም. የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ማለቴ ነው፤ ቀነኒሳ የመጨረሻዋን 400 ሜትር ከ54 ሰከንድ በታች የጨረሰበትን።

ልጆቹ ሜዳውን ዞረው በሜትር ለኩ፣ መስመሩን በኖራ አሰመሩ። ከጉና የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር። መምህሩ እስከ ግማሹ ድረስ አሯሯጡ ያምር ነበር። ከ300 ሜትር በኋላ ግን ጉልበቱ አልነሳ አለው፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ኖራው ላይ ተንበርክኮ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ይህንን ከ24 ዙር በኋላ?» አለ። ልጆቹ ዝም አሉ። በቴሌቪዥን ሁሉም እኩል ሲፈጥኑ እያየ ያደገ ልጅ የዚያን ፍጥነት መጠን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

የቆየው ሙግቴም እዚያው ተቀሰቀሰ። «ደገኛ ለረጅም ርቀት እንጂ ለፍጥነት አልተፈጠረም» ይሉናል። ታዲያ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ማርሽ የቀየረው በምንድን ነው? ኃይሌስ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ የቀደመው? ማሞ ወልዴን እንኳ የምናስታውሰው በማራቶን ወርቁ ብቻ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ግን 800 እና 1500 ሜትር ሮጧል፣ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብልም ተሰልፏል።

ማሞ በማራቶን ያሸነፈባት ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት። በዚያው ኦሎምፒክ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የሳሳ አየር ረጅም ርቀት ሯጩን ትንፋሽ ያሳጥረዋል፤ ለአጭር ርቀት ሯጩ ግን መንገድ ይለቅለታል፣ ሩጫው ኦክስጅን ሳይጠብቅ ያልቃልና። ደብረ ታቦር ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። የጡንቻ ዓይነት ነው የሚሉኝ አሉ። የእነዚህን ልጆች ጡንቻ ማን ለካና?

ከመምህሩ በኋላ ልጆቹ 60 ሜትር ተሽቀዳደሙ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ኮንጎ ጫማ አጥልቃ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወንዶቹን ጥላቸው ሄደች። ጫማዋ ኮረቱ ላይ ሲንሸራተት እንኳ አልዘገየችም። ከአጠገቤ የቆመ ሰው ወዲያው፣ «ይቺ ለማራቶን ትሆናለች!» አለ። ተናደድኩ። ዓይናችን እያየ 60 ሜትር በልጣ፣ 42 ኪሎ ሜትር ፈረድንባት!

በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማካካሻ ትምህርት ሲበላው እያየን ዝም ማለታችንም ያሳዝነኛል። 60 ሜትር ለመለካት ስታዲየም አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ኖራና ሰዓት ያለው ስልክ ይበቃል። መምህሩ በመጪው ቅዳሜ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን ሁሉ ሊለካ አስቧል። እናቶች፣ አባቶች፣ ለዚያች ጠዋት ሴቶቹን ልጆች ውኃ ከመቅዳት አሳርፏቸውና ወደ ሜዳው ላኳቸው።